የሰሌዳው ጀርባ

«ስኳሩን ያቀብለኝ በይው» አለ ታናሽየው፣ ዓይኑን ከሻዩ ላይ ሳያነሳ።

እናቱ ወደ ግራ ዞረች። «ስኳሩን አቀብለኝ ይልሃል» አለችው ታላቅየውን። ስኳሩ ያለው ከታላቅየው ክርን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው፤ ታናሽየውም ትንሽ ቢንጠራራ ይደርስበታል። ታላቅየው ጣሳውን ገፋ አደረገና «ብዙ አይጨምር በይው፣ ለጥርሱ አይሆንም» አለ። «ለጥርስህ አይሆንም ይልሃል።» «ጥርሱ የኔ ነው በይው።» «ጥርሱ የራሴ ነው ይላል።» በዚህ መሀል የእሷ ሻይ ቀዘቀዘ። ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ቤት የእሷ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የተጠጣበት ቀን የለም።

ቤቱ ጠባብ ነው። ሁለት ክፍልና አንዲት ኩሽና ነው ያለው። ጠረጴዛው በማቀዝቀዣውና በልብስ ስፌት መኪናው መሀል ስለተሰነቀረ ከሦስት ሰው በላይ አያስቀምጥም፤ ሦስቱም ቢሆኑ ጉልበት ለጉልበት ሳይነካኩ አይበሉም። ታላቅየው ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ተመልሶ የገባ፣ ታናሽየው ደግሞ ጭራሹን ከቤት ያልወጣ ነው። ሁለት ጎልማሶች በአንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት አልጋዎች ላይ ይተኛሉ። መብራቱ ይጥፋ አይጥፋ የሚለው ጉዳይ እንኳ በግድግዳው በኩል ወደ እናትየው ተልኮ፣ እዚያ ተጣርቶ፣ በዚያው በግድግዳው በኩል ይመለሳል። «እኔ የእናንተ ስልክ ነኝ ወይ?» ትላለች አንዳንዴ ከብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና። ስልክ እንኳ ሂሳብ ሲያልቅበት ያርፋል፤ እሷ አላረፈችም።

የነገሩ መነሻ አንድ ሰሌዳ ነው። ታላቅየው የመንገድ ምልክት ሠሪ ነው። ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ላሜራ ይቆርጣል፣ ፀረ ዝገት ይቀባል፣ ከዚያ በላይ ቀዩን፣ ነጩን፣ ጥቁሩን እያደረቀ ይደራርባል። ዋነኛ ደንበኛው የከተማው የትራፊክ ጽሕፈት ቤት ነው። ቁም፣ ቀስ በል፣ አትዙር እያሉ ሰውን ከሚያዙት ሰሌዳዎች ግማሹ የወጡት ከዚህ ሰው እጅ ነው፤ እሱ ራሱ ግን በዕድሜው አንድም ሰው አዞ አያውቅም። ታናሽየው የሚኒባስ ታክሲ ነጂ ነበር። ጓደኞቹ «ክላክስ» ይሉታል፤ አንድም የመኪናው ጡሩምባ ስለማያርፍ፣ አንድም የራሱ አፍ ስለማያርፍ። ከሰባት ወር በፊት ከክሊኒኩ ወደ ገበያው የሚወስደው መንገድ መግቢያ ላይ ክብ ቀይ ሰሌዳ ተተከለ፤ ከሥሩ «ለታክሲ መግባት ክልክል ነው፣ መመሪያ ቁጥር 14» ይላል። ታክሲዎቹ በዋናው አስፋልት መዞር ጀመሩ፣ ታሪፉ ከአምስት ወደ ሰባት ወጣ፣ ከክሊኒክ የሚወጣው በሽተኛም መድኃኒቱን በፌስታል አንጠልጥሎ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው። ክላክስ እልኸኛ ነው። «ሳይጠይቁን የዘጉትን ሳልጠይቃቸው እገባበታለሁ» ብሎ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ገባ፣ ሦስት ጊዜ ተቀጣ፣ በሦስተኛው መንጃ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ተነጠቀ። ከዚያ ወዲህ ተርሚናል ውስጥ የሰው ታክሲ ያጥባል። ማታ እጁ በሳሙና ተልጦ ሲገባ ወንድሙን እጁ በቀይ ቀለም ተነክሮ ተቀምጦ ያገኘዋል፤ ያኔ ሁለቱም እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ያደርጋሉ።

ክላክስና አሥራ ዘጠኝ ጓደኞቹ ተሰባስበው ጠበቃ ያዙ። የከሰሱት ቅጣቱ በዛብን ብለው አይደለም፤ መመሪያው ራሱ ሕግ አይደለም ብለው ነው። አንድ የትራፊክ መመሪያ ከመጽደቁና ቁጥር ከመያዙ በፊት ረቂቁ ለሠላሳ ቀን በአደባባይ ተለጥፎ የሚመለከተው ሰው ሁሉ አስተያየት ሊሰጥበት እንደሚገባ ሕጉ ያዛል። ጽሕፈት ቤቱ በአምስተኛው ወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ለጥፌያለሁ፣ እስከ ስድስተኛው ወር አሥራ ሁለት ድረስ ሠላሳ ቀን ጠብቄያለሁ፣ ትንፍሽ ያለ የለም፣ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥር ሰጥቼ ሰሌዳ ያሠራሁት ባይ ነው፤ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትም አቅርቧል። ነጂዎቹ «ኧረ አላየንም» ከማለት ሌላ በእጃቸው የያዙት የለም። አለማየትን ደግሞ በምን ያስመሰክሩታል? ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ውሳኔው ይነበባል። ከተፈረደባቸው ክላክስ ቀሪዎቹን አምስት ወራት ጎማ ሲያጥብ ይከርማል፤ በዚያ ላይ የታክሲው ባለቤት «ከዚህ በላይ አልጠብቅህም፣ ሌላ ነጂ እቀጥራለሁ» ብሎታል።

እናትየው የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ «ማታ የተወሰነውን እነግርሻለሁ። ላንቺ ነው የምነግረው፣ ለማንም አይደለም» ብሎ ወጣ። ታላቅየው ይህን ያለ አስተርጓሚ ሰማው። ወንድሙ ሰሌዳውን ስለሠራ ብቻ ይህን ያህል መጨከኑ የገባው ቀን የለም። ሥራው ነው፤ እሱ ባይሠራው ሌላ ይሠራው ነበር። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ማኩረፍ ያለ ነው፤ ሰባት ወር ግን ምን ይባላል?

ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኩ ጮኸ። የጽሕፈት ቤቱ የምልክት ክፍል ኃላፊ ነበር። ስልሳ የትምህርት ቤት ማቋረጫ ሰሌዳ ተፈቅዷል፣ አራት ሰዓት ላይ መጥተህ ፈርም፣ አራት ተኩል ላይ ስብሰባ አለብኝ አለው። ስልሳ ሰሌዳ ማለት የአንድ ዓመት ሥራ ነው። ሰሌዳ ሠሪው አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ለእናቱ ነገራት፤ እሷም ኩባያዎቹን እያጠበች ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ደስታዋ ከፊቷ ላይ ወረደ።

«አንዱ ሲሞላለት አንዱ ይጎድልበታል» አለች ለራሷ። «ምነው ያኔ ቀኑን ብትነግረው ኖሮ…» ብላ ጀመረችና በሳሙና እጇ አፏን ያዘች።

«የምን ቀን?»

ቧንቧውን ዘጋች። «እማዬ፣ የምን ቀን?» ሲላት ኩባያውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መጥታም ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። መንጃ ፈቃዱን የተነጠቀ ዕለት ማታ ክላክስ ደሙ ፈልቶ ነበር የገባው። «ያንን ሰሌዳ መቼ ነው የሠራው? ቀኑን ጠይቂልኝ» ብሏት ነበር። እሷ ፊቱን አይታ ፈራች፤ ጥያቄው የጠብ መጀመሪያ መሰላት። ወደ መኝታ ክፍሉ ገብታ ብታይ ታላቅየው እንቅልፍ ጥሎታል። ትንሽ ቆማ አየችው፣ ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ጣል አደረገችለትና ወጥታ «አላስታውስም ብሏል» አለች። ነገር ላበርድ ብላ ነው። የበረደ መሰላት። በማግስቱ ክላክስ «እንግዲያው ወንድም የለኝም በይው» አላት፤ እሱንም ዋጠችው። ቀኑ ለምን እንዳስፈለገ የገባት አሁን በቅርቡ ነው፣ ጎረቤት ለጎረቤት ስለ ክሱ ሲያወሩ ሰምታ። ያኔ ደግሞ ምን ብላ ትንገራቸው? እያንዳንዱ ቀን በፊተኛው ላይ እየተደረበ አፏን ዘጋው።

ሰሌዳ ሠሪው ሊቆጣ ፈለገ። እናቱን ሲያያት ግን በዚያች ወንበር ጫፍ ላይ የትምህርት ቤት ጥፋተኛ መስላ ተቀምጣለች፤ ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ አጣ። «ከምንልክብሽ ውስጥ ስንቱን ነው የምትውጪው?» አላት በመጨረሻ።

«ክፉ ክፉውን ብቻ» አለች።

ወደ ጓሮው መጠለያ ሄዶ የቀለም ጣሳዎቹ መሀል ቆመ። የሚያስቀው ነገር መልሱ እውነት መሆኑ ነው፤ ቀኑን በእርግጥም አያስታውስም። ያ ሥራ በስልክ ነበር የታዘዘው፤ አስቸኳይ ነው፣ ወረቀቱ በኋላ ይደርስሃል ተብሎ። የደረሰው ወረቀት ላይ የተጻፈው ቀን ኋላ የተጻፈ እንደሆነ ያውቃል፤ ለአዛዥ ምን ቸገረው። ዝናብ ነበር፣ ነጩ አልደርቅ ብሎ ሦስት ቀን ፈጀበት፣ ካስረከበ በኋላም ሰሌዳው መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰንብቷል። የወሩ መጀመሪያ ይመስለዋል። መምሰል ደግሞ ዳኛ ፊት አይቀርብም። ነገር ግን ቀኑ ተጽፏል። ሥራውን ያስተማረው ሽማግሌ ሠዓሊ አንድ ደንብ ነበረው፤ ማንኛውም ሰሌዳ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ያለቀበት ቀንና የቀለሙ ቅልቅል ከጀርባው በቀጭን ብሩሽ ይጻፋል። ፀሐይና ዝናብ ቀለሙን ሲበላው የትኛው ቅልቅል ስንት ዓመት እንደቆየ ጀርባውን አንብቦ ለማወቅ ነው። ሽማግሌው ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ እሱ ግን አንድም ሰሌዳ ሳይጽፍበት አስረክቦ አያውቅም። ጀርባ የሚያነብ ሰው እንዳለ ግን አስቦ አያውቅም።

የቀለም መፋቂያውን ኪሱ ከቶ ወጣ። የክሊኒኩ መንገድ ከቤታቸው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ሰሌዳው ከፋርማሲው ግድግዳ ጎን በብረት ምሰሶ ላይ ቆሟል፤ ፊቱ ወደ መንገዱ ነው፣ ጀርባው ወደ ግድግዳው። ፊቱ እንደ ሥራው ያማረ ነው፤ ቀዩ ገና አልደበዘዘም፣ ይህን ሳይወድ በግዱ አየ። በጀርባው በኩል በጎኑ ተንሸራቶ ሲገባ ግን ላሜራው አይታይም። ሰው ሁሉ ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ለብቻዋ ለምትኖር ሴት የሚከራይ ክፍል አለ፣ የሂሳብ አስጠኚ አለ፣ አንድ ዓይኗ የታመመ ግራጫ ድመት ጠፍታለች። አንድ በአንድ ይፍቃቸው ጀመር፤ የድመቷን ሲፍቅ ይቅርታ አለ። ከሁሉም ሥር የራሱን ጽሑፍ አገኘ፦ «ቀይ 2፣ ጥቁር ሩብ ማንኪያ፣ ዘይት 1።» ከዚያ በታች ቀኑ። ዓመቱ አለ፣ ወሩም አለ፣ ስድስት። ቀኑ ያለበት ቦታ ላይ ግን ሰሌዳውን ከምሰሶው ጋር የሚያስረው የብረት ማቀፊያ ተጋድሞበታል። በጥፍሩ ሊገፋው ሞከረ። ሁለቱ ብሎኖች ዝገው ተጣብቀዋል።

እዚያው ጠባቡ ቦታ ላይ ቆሞ አሰበ። ከዚያ ብረት ሥር ያለው ቁጥር ከአሥራ ሁለት ያነሰ ከሆነ ወንድሙ መንጃ ፈቃዱን ያገኛል። ከአሥራ ሁለት ከበለጠ ግን ስልሳውን ሰሌዳ በከንቱ ማጣቱ ነው፤ ከዚያም የከፋው፣ ክላክስን በገዛ እጁ ሁለተኛ ጊዜ መቅበሩ ነው። ሰዓቱ አራት ሊሆን አሥራ አምስት ጉዳይ ይላል። ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረስክ? ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አለ የምልክት ክፍል ኃላፊው።

ሰሌዳ ሠሪው በምሰሶውና በግድግዳው መሀል ወደ መንገዱ ተመለከተ። አንዲት አሮጊት የራጅ ፎቶ የያዘ ትልቅ ፖስታ ታቅፈው፣ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ዳገቱን ይወጣሉ። «ዛሬ አልመጣም። ፍርድ ቤት እገባለሁ» አለ።

«ምን ልታደርግ?»

«አንድ ሰሌዳ ላስነብብ» አለና ስልኩን ዘጋ።

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ናት። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ነጂዎቹ በግድግዳው ጥግ ጥግ ቆመዋል፤ ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ሲዞር ይንጫጫል፣ ፋይል የተቆለለበት ጠረጴዛ አንድ እግሩ በታጠፈ ወረቀት ተደግፏል። ዳኛዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ፋይሉን ገልጠው መነጽሩን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ ነው ሰሌዳ ሠሪው እያለከለከ የገባው። በሩ ላይ ጠባቂው መፋቂያውን ከእጁ ቀማው። ክላክስ ዞር ብሎ አየው፣ ፊቱም ጠቆረ፤ ለጽሕፈት ቤቱ ሊመሰክር የመጣ መሰለው። ሰሌዳ ሠሪው እጁን አወጣ።

«እዚያ ጋ እጅዎን ያወጡት ሰው፣ ምን ፈልገው ነው?» አሉ ዳኛዋ።

«ሰሌዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ክብርት ዳኛ። የመመሪያ ቁጥር አሥራ አራቱን።»

የጽሕፈት ቤቱ ነገረ ፈጅ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ፤ ማስረጃ የማሰማት ጊዜ አልፏል፣ ሰውዬው ማን እንደሆነም አይታወቅም አለ። የነጂዎቹ ጠበቃ፣ ሳል የማይለየው ሽማግሌ፣ ሳሉን ዋጥ አድርጎ ይህንን ሰው መስማት ችሎቱን አይጎዳም አለ። ዳኛዋ ሁለቱንም በእጃቸው አስቀመጧቸው፣ ሰሌዳ ሠሪውን አስማሉት፣ መቼ እንደሠራውም ጠየቁት።

«ቀኑን አላስታውስም» አለ።

«ይኸው!» አለ ክላክስ ጮክ ብሎ። ሰባት ወር ሲያብሰለስላት የኖረ ቃል ነች። ጠበቃው ክንዱን ያዘው።

«እኔ አላስታውስም» አለ ሰሌዳ ሠሪው፣ አሁን ወደ ዳኛዋ ሳይሆን ወደ ወንድሙ እያየ። «ሰሌዳው ግን ያስታውሳል። ከጀርባው ጽፌበታለሁ።» ሽማግሌውን ሠዓሊ፣ ቅልቅሉን፣ የብረት ማቀፊያውን አንድም ሳይደብቅ ተናገረ፤ ቀኑ ከአሥራ ሁለት በፊት ይሁን በኋላ እንደማያውቅም ጨመረ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ከዚህ በስንት ደቂቃ ይደረሳል?»

«በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ታክሲ ቢገባበት ሁለት ደቂቃ ነበር።»

አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቁም፤ ግን ፋይሉን ዘግተው ተነሱ።

እንዲያ ያለ ሰልፍ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም። ዳኛዋ ከፊት፣ ፋይሉን የታቀፈች ጸሐፊ ከኋላቸው፣ ነገረ ፈጁ ጫማውን ከአቧራ እያሸሸ፣ ከዚያ ሃያ ነጂዎች። የፋርማሲው ባለቤት ሱቁ ሊዘጋበት የመጡ መስሎት በር ላይ ወጥቶ ቆመ። ዳኛዋ በምሰሶውና በግድግዳው መሀል በጎናቸው ገቡ፤ ቀሚሳቸው ኖራ ነካው፣ ግድ አልሰጣቸውም። ነገረ ፈጁ ከውጭ ሆኖ «ዛሬ ጠዋት ጽፎት ቢሆንስ? የተፋቀው ወረቀት እኮ ገና መሬት ላይ ነው» አለ።

«መፋቁን ራሱ ነግሮናል» አሉ ከውስጥ። «ጽሑፉ ከዚህ ብረት በግራ ይገባል፣ በቀኝ ይወጣል። ሰሌዳው ከተተከለ በኋላ ከብረቱ ሥር የሚገባ ብሩሽ ካለዎት ያሳዩን።» ነገረ ፈጁ ብሩሽ አልነበረውም። «ይፈታ» አሉ ዳኛዋ። «መፍቻ ያለው ሰው አለ?»

ክላክስ ሮጦ ከአንድ ጓደኛው ታክሲ መፍቻ ይዞ መጣ። ሰሌዳው ሲፈታ እንዳይወድቅ አንድ ሰው መያዝ ነበረበት። ሰሌዳ ሠሪው ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያዘው። ወንድማማቾቹ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆነው ቆሙ፤ ከልጅነታቸው ወዲህ ይህን ያህል ተቀራርበው አያውቁም። የመጀመሪያው ብሎን ተንቋቋ፣ ዞረ። ሁለተኛው እምቢ አለ። ክላክስ መፍቻውን ሲስብ እጁ አመለጠውና ጣቱ ተላጠ፤ ታላቅየው የሰሌዳውን ክብደት ወደ ትከሻው አዛውሮ አንድ እጁን ለቀቀ፣ መፍቻውን ከወንድሙ እጅ በላይ ጨበጠ። አንድ ላይ ሳቡት። ብሎኑ ተፈታ። ማቀፊያው ወደ ታች ተንሸራተተ፣ ቦታው ላይም የዝገት መቀነት ቀረ፤ በመቀነቱ መሀል ጸሐይ ያልነካው ነጭ ቀለም ትናንት የተጻፈ መስሎ ብቅ አለ። ሰሌዳ ሠሪው ማየት አልቻለም፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«አራት» አሉ ዳኛዋ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ለጸሐፊዋ አስጻፉ፦ «ስድስተኛ ወር፣ አራተኛ ቀን። ለአስተያየት የተሰጠው ሠላሳ ቀን ሊያበቃ ስምንት ቀን ሲቀረው።» ከዚያ ወደ ፊቱ ዞረው በዚያው ላሜራ ላይ ከታች የተጻፈውን «መመሪያ ቁጥር 14» በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «የመመሪያው ቁጥርም ያኔውኑ ተጽፏል።»

«ቅድመ ዝግጅት ነው፣ ክብርት ዳኛ» አለ ነገረ ፈጁ፤ ድምፁ ግን ከአንገቱ በላይ ነበር።

«ዝግጅትማ ነው» አሉ ዳኛዋ። «ስምንት ሰዓት ላይ እንገናኝ።»

ስምንት ሰዓት ላይ የተነበበው ውሳኔ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ሰውን ሰምተው ሳይጨርሱ ወስነው ሲያበቁ የጠየቁ መምሰል ሕጉ ያዘዘውን መፈጸም አይደለም፤ ስለዚህ መመሪያ ቁጥር አሥራ አራት ከመነሻው ዋጋ የለውም፤ በእሱ የተጣሉት ቅጣቶች ተሠርዘዋል፤ የተያዙት መንጃ ፈቃዶች በሦስት ቀን ውስጥ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ፤ ሰሌዳውም ይነሳ። ነጂዎቹ ግቢውን በጩኸት ሞሉት። ክላክስን ትከሻቸው ላይ ሊያወጡት ሲሞክሩ እሱ በሰው መሀል አንገቱን እያሰገገ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ሰሌዳ ሠሪው ግን ቀድሞ ወጥቷል። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ እፎይ አለ፣ ደግሞ እፎይ አለ፣ ልቡ ወደ ቦታዋ እስክትመለስ። የምልክት ክፍል ኃላፊው ደውሎ «ስለ ስልሳው ነገር… እስቲ እናያለን» አለው። የመሥሪያ ቤት «እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ያሳዝነኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፣ ሳያሳዝነው ቀረ።

ቤት ሲደርስ እናቱ ምድጃው አጠገብ ቆማ ሾርባ ታማስላለች፤ ከጭንቀት ብዛት ለስድስት ሰው የሚበቃ አድርጋዋለች። «ተፈረደለት» አላት። ማማሰያውን እንደያዘች ወንበሩ ላይ ዘጭ አለችና አለቀሰች፤ ሾርባው ከማማሰያው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። ሲወጣላት ዓይኗን ጠርጋ «ነገርከው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«የዋጥኩትን።»

«አልነገርኩትም። ምን ቆርጦኝ!» አለ። «ከእኔና ካንቺ አይወጣም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሰፈሩ ውስጥ የታክሲ ጡሩምባ እየጮኸ መጣና በራቸው ላይ ቆመ፤ ጓደኛው ነው የሚነዳው፣ የሚያስጮኸው ግን ከጎን የተቀመጠው ክላክስ ነው። ዳቦ በፌስታል ይዞ ገባ፣ እናቱን ሁለት ጉንጯን ስሞ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሾርባው ቀረበ። ሦስቱም ጉልበት ለጉልበት ሆነው ተቀመጡ። ክላክስ የተላጠ ጣቱን እያየ ቆየና «ጠይቂው እስቲ» አለ። «ሰባት ወር አላስታውስም ያለ ሰው ዛሬ ምን አስታወሰው?»

እናቱ ወደ ግራ ዞረች። ታላቅየው አያት። «ዛሬ ጠዋት ነው ትዝ ያለኝ በይው» አላት። «ጥፋቱ የኔ ነው በይው።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አልልም» አለች።

«እማዬ…»

«አልልም አልኩህ! አልጠየቅኩትም።» አሁን ወደ ታናሽየው ዞራለች። «ያን ማታ ተኝቶ ነበር። መልሱን ከራሴ ነው ያመጣሁት። ሰባት ወር ሙሉ አንተ የተቀየምከው እኔን ነው፣ ወንድምህን አይደለም። ወንድም የለኝም ያልከውንም አልሰማም፤ ያቺ ቃልም እዚሁ ናት» ብላ ደረቷን መታ አደረገች።

ያ የማያርፍ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ክላክስ እናቱን አየ፣ ከዚያ ወንድሙን አየ፣ ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ያለችውን የስኳር ጣሳ አየ። ሰባት ወር ሙሉ በግድግዳ በኩል የተላከው መልእክት ሁሉ በፊቱ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ዓይኑ እርጥብ ሆነ፤ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ ነጩ ሸሚዝ ላይም ዝገት ነበር።

«አንተ» አለ።

እናቱ በለመደችው ወደ ግራ ዞረችና «አን…» ብላ ቆመች።

«ጨው አቀብለኝ» አለ ክላክስ፣ ወንድሙን ፊት ለፊት እያየ።

ታላቅየው ጨውን በእጁ ሰጠው። «ብዙ አትጨምር» አለ።

«ምላሱ የኔ ነው።»

እናትየው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አየች፣ የሚላክ ነገር ካለ ብላ ትንሽ ጠበቀች። ሁለቱም ስለ ብሎኑ ማውራት ጀምረዋል፤ አንዱ እኔ ነኝ የፈታሁት ይላል፣ ሌላው ያለኔ ጣትህ ነበር የሚፈታው ይላል። ማንኪያዋን አነሳችና ሾርባዋን ትኩሱን መጠጣት ጀመረች።